ስለት የጫነ መኪና

ለሽምግልና እንደማልሆን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእኔ ቀጥለው የሚያውቁት ዘመዶቼ ናቸው። ግን ጸጉሬ ሸብቷል። በእኛ አገር ደግሞ ሽበት የራሱ ሥልጣን አለው፤ ከሥሩ ያለው ጭንቅላት ምን እንደሚያስብ የሚጠይቅ የለም። የእህቴ ልጅ ቢንያም ሊያገባ ሲነሣና ሦስተኛ ሽማግሌ ሲጠፋ እህቴ ደሴ ድረስ ደወለችልኝ።

"አንተ ምንም አትናገር" አለችኝ። "ከኋላ ቁም። ሽበትህ ብቻ ይታይ።"

የዕድሜዬን እኩሌታ መጽሐፍ ላይ ተደፍቼ የደረስኩበት ማዕረግ ይኸው ነው።

የቀሩት ሁለቱ ሽማግሌዎች ግን እውነተኞች ነበሩ። አንዱ የቢንያም የንስሐ አባት ቄስ ሞገስ ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን ስለሚጨፍኑ ሰሚው ያቋርጣቸው ዘንድ አይደፍርም። ሌላው የእህቴ ጎረቤት፣ የድሮው የእህል ነጋዴ አያ ሰይድ ናቸው። ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ልጁን ሊድር ሲነሣ ከሽማግሌዎቹ መሀል ሙስሊም ጎረቤት ካልታየ፣ የልጅቷ ቤተሰብ "ምን አጥፍተው ነው ጎረቤት እንኳን ያልተከተላቸው?" ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ አያ ሰይድ በአካባቢው ስንት ክርስቲያን እንዳጋቡ እሳቸውም አያስታውሱም።

ልጅቷ ሕይወት ትባላለች። ወልድያ ነርስ ናት፤ ወላጆቿ ያሉት ኮን ነው። አባቷ አቶ ካሳው ቅዳሜ ሽማግሌ እንደሚመጣ ተነግሯቸዋል። የሚያስጨንቀው ደግሞ እሑድ ሌላ ወገን፣ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ያለው ወገን፣ የራሱን ሽማግሌ ሊልክ ነው የሚል ወሬ መኖሩ ነበር። ቢንያም ለሳምንት እህል አልቀመሰም። ቅዳሜ ቃል ገብቶ ያልደረሰ ሽማግሌ፣ እሑድ ሲመጣ ሽማግሌ ሳይሆን ጉድ ነው።

ቅዳሜ በማለዳ በአንድ አሮጌ ባለ ሁለት ጋቢና ፒክአፕ ከወልድያ ተነሣን። ሾፌሩ ደመቀ ዝምተኛ ነው። ዝምተኛ ሾፌር እወድ ነበር፤ ከዚያ ቀን በፊት ማለቴ ነው። የዲልብን ዳገት በሰላም ወጣን፤ ጋሸና ስንደርስ የኋላ ጎማችን ተነፈሰ።

ጋሸናን የማያውቅ ካለ፣ ከምሥራቅ የመጣ መንገድ አንዱ እጁን ወደ ኮን፣ ሌላውን ወደ ላሊበላ የሚዘረጋባት የነፋስ ከተማ ናት። ነፋሱ ራሱ እዚያ ደርሶ በየት በኩል እንደሚሄድ ሳይወስን የቀረ ይመስላል። ደመቀ ጎሚስታ ፍለጋ ከመሄዱ በፊት ክሪኩን ሊያወጣ የኋላውን ወንበር ወደ ፊት አጠፈው። ከክሪኩ ጋር በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ፣ ቁመቱ የሰው ደረት የሚያክል ነገር ተጎትቶ ወጣና መሬት ላይ ወደቀ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ አያ ሰይድ። "መሣሪያ ጭነህ ነው እንዴ ሽማግሌ የምታመላልሰው?"

ቄስ ሞገስ ጎንበስ ብለው ከረጢቱን ገለጥ አደረጉት። ቀይ ከፋይ፣ ዳር ዳሩ ወርቃማ ዘርፍ፤ ለታቦት የሚዘረጋ ጃንጥላ ነው።

"የማን ነው?" አሉ ቄሱ።

"ስለት ነው አባቴ።"

"ለማን የተሳልከው?"

"ለላሊበላዋ አሸተን ማርያም።"

"ምን አድርጋልህ?"

"ዲልብ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለኝና… አተረፈችኝ።"

"መቼ?"

ደመቀ ክሪኩን እያየ፣ "ካቻምና" አለ።

ቄስ ሞገስ ቀና ብለው መኪናውን ከፊት እስከ ኋላ አዩት። በማለዳ የተሳፈሩበት መኪና መሆኑን ያጣሩ ይመስል ነበር። አያ ሰይድ ዱላቸውንና ፎጣቸውን ከውስጥ አወጡ። ከዚያ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ሄደው አንድ ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ነገሩ የገባኝ ጎማው ተቀይሮ፣ ደመቀ ሞተር አስነሥቶ፣ እኔ ገብቼ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ነው። እነሱ አልተነሡም።

ወርጄ ተከራከርኩ። ክርክር ላይ መጥፎ አይደለሁም፤ ችግሬ የሚረታልኝ ሰው ማጣቴ ነው። "ኮን እዚህችው ናት" አልኳቸው። "ሄደን ልጅቷን እንጠይቅ፤ ከዚያ ደመቀ ስለቱን ያድርስ። ማርያም ከካቻምና ጀምራ ከታገሠች እስከ ማታ አትታገሥም?"

"አንተ ልጅ፣ በስለት አይቀለድም" አሉኝ አያ ሰይድ፣ ሽበቴን እያዩ። "እኔ ራሴ የማርያም ስለት ነኝ። እናቴ ስድስት ወልዳ ቀብራ፣ ጎረቤቷ ክርስቲያን 'ለማርያም ተሳዪ' ብላት ተስላ ነው የወለደችኝ። ወላሂ እዚህ መኪና ላይ አልወጣም።"

ቄስ ሞገስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ልጄ፣ ልንሄድ ያለነው ቃል ልናስር ነው" አሉ። "ቃል በበላ መኪና ሄደን ቃል ልናስር?"

እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ሲነገር መልስ የለውም፤ ስሕተት ቢሆን እንኳ የለውም። ደመቀን "ለምን እስካሁን አላደረስክም?" ብዬ ብጠይቀው፣ "ወደ ላሊበላ ጭነት አላገኘሁም" አለኝ። በየሳምንቱ መገንጠያው ላይ እየቆመ፣ ምሳውን እየበላ፣ ጃንጥላውን ከጀርባው ይዞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲታጠፍ ኖሯል። አሁን ጭነት አገኘ። ጭነቱ እኛ ነን።

ገና የላሊበላን መንገድ እንደያዝን ቢንያም ደወለ።

"አጎቴ፣ ጋሸናን አለፋችሁ?"

"አልፈናል" አልኩት። በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ስለ ላሊበላ እዚህ አልጽፍም። የጻፈ ብዙ ነው፤ ሁሉም የሚጽፈው አንድ ነገር ነው፤ ቤተ ክርስቲያኖቹ ከአንድ አለት እንዴት እንደተፈለፈሉ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠይቀው ሌላ ነው። የተፈለፈለውን ድንጋይ የት ደፉት? ያን ሁሉ ቁልል የተሸከመው ማን ነው? ቄስ ሞገስን ጠየቅኳቸው።

"ሌሊት ሌሊት መላእክት ያግዙ ነበር" አሉኝ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ የአሸተንን ዳገት ስወጣ ቀን ቀን የሚያግዝ መልአክ አለመመደቡን አረጋገጥኩ። መኪናው የሚደርስበት ደርሶ ቆመ፤ አያ ሰይድ "እኔ ጉልበቴ ስለት የለበትም" ብለው እዚያው ጥላ ያዙ። ቄስ ሞገስ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጃንጥላውን ተሸክመው እንደ ፍየል ወጡ። በቅሎ የሚያከራይ ሰው አጠገቤ እየተራመደ፣ "ጌታው፣ በቅሎ ይሻልዎታል" ሲለኝ ኮራ ብዬ እምቢ አልኩ። ጥቂት ከወጣን በኋላ ሰውየው ዝም አለ፤ ዝም ብሎ ግን አብሮኝ ይሄድ ነበር። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። የመጨረሻው ግማሽ ላይ እኔው ለመንኩት። በቅሎዋም የመንገዱን የገደል ዳር ብቻ መርጣ ትሄድ ጀመር፤ አገሩን ልታሳየኝ ይሆናል፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ልፋቷ ከንቱ ሆነ።

ወደ ገዳሙ የሚያስገባው አለቱ መሀል ያለ ጠባብ ስንጥቅ ነው። መነኮሳት የጾሙበት ቦታ ስለሆነ የተለካው በመነኩሴ ወገብ ነው። እኔ ጎኔን አዙሬ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ በሕይወቴ ያልጸለይኩትን ጸልዬ አለፍኩ።

ቄስ ሞገስና ደመቀ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ወዲያው ከውስጥ እልልታ ተሰማ። ደመቀ ሲያለቅስም ተሰማኝ፤ ዝምተኛ ሰው ሲያለቅስ ድምፁ ከፍ ይላል። እኔ ትንፋሼ እስኪመለስ ብዬ ደጁ ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ አረፍ አልኩ። እዚያ ነጭ ጋቢ የለበሱ፣ ረዘም ያሉ ሰውዬ ተቀምጠው ከጋቢያቸው ጫፍ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ሳልጠይቃቸው ዘገን አድርገው ሰጡኝ።

"ከወዴት ነዎት አንቱ?" አሉኝ።

"ከደሴ። ለሽምግልና ወጥተን እዚህ ደረስን።"

"ሽምግልና ወደ ተራራ?"

ከጎማው ጀምሬ ነገርኳቸው። አያ ሰይድ ድንጋይ ላይ የተቀመጡት ጋ ስደርስ ሰውየው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቃቸውን ወደድኩት። ሰው ሲስቅልኝ ደግሞ አፌ መዝጊያ የለውም።

"ልጁስ እንዴት ያለ ነው?" አሉኝ።

በዚህ ሁሉ ግርግር ስለ ቢንያም እኔን የጠየቀ ሰው አልነበረም። "ልጁ ጥሩ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት" አልኳቸው።

"ይጠጣል?"

"ጠላ እንኳ አይቀምስም።"

"ይማታል?"

"እሱ? ችግሩ በተቃራኒው ነው። ዶሮ ማረድ አይችልም።"

ሰውየው ወደ አፋቸው የሰደዱት እጅ መንገድ ላይ ቆመ።

"ደም ሲያይ ይወድቃል" ብዬ ቀጠልኩ። "ሐኪም ሊሆን ገብቶ በዚሁ ምክንያት ወጥቶ ፋርማሲ ተማረ። ከልጅቷም ጋር የተዋወቁት ደም ሊለግስ ሄዶ መርፌውን ሲያይ ተዘርግቶ፣ እሷ እግሩን ወደ ላይ ስትይዝለት ነው። በበዓል ቀን እህቴ ዶሮዋን አቅፋ በር ላይ ቆማ አላፊ አግዳሚ ወንድ ትለምናለች። ቤቷ ውስጥ ይህን የሚያህል ጎረምሳ አልጋ ላይ ትራስ ደርቦ ይተኛል።"

ይህ በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሴት አታርድም። ባል ያላት ሴት በፋሲካ ዶሮ ይዛ ደጅ ከቆመች መንደሩ ሁሉ ባሏን በዓይኑ ይመዝነዋል።

ሰውየው ወደ ገደሉ ማዶ አዩ። "ይህን ለልጅቷ አባት ትነግሯቸዋላችሁ?" አሉኝ።

"ምን በወጣን! ቄሱ ያዘጋጁት ንግግር አለ። 'አንበሳ የሆነ ልጅ' ነው የሚለው።"

"አባትየው ምን ዓይነት ሰው ናቸው?"

"አይቻቸው አላውቅም። ግን የባላገር አባት አንድ ነው። ልጁን ለመስጠት ከወሰነ በኋላ ሦስት ጊዜ እምቢ ይላል። ኮስታራ ነው። ዶሮ ቢያቀርቡለት በጥርሱ የሚያርድ ዓይነት።"

"ስማቸውን ማን አሉኝ?"

"ካሳው ይባላሉ። የኮን ሰው ናቸው።"

ሰውየው የጋቢያቸውን ጫፍ አራገፉ። የቀረው ቆሎ ድንጋዩ ላይ ተበተነ።

"ካሳው እንኳ እኔ ነኝ" አሉ፣ በዝግታ።

ብዙ አንብቤአለሁ። ለዚያ ሰዓት የሚሆን ቃል ግን ከየትኛውም መጽሐፍ አልመጣልኝም። ከአፌ የወጣው "ቆሎው ጥሩ ነው" የሚል ነበር።

እሳቸው ጭራሽ አልተቆጡም፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው። "ሽማግሌ መጀመሪያ ሲመጣ አባት ቤት አይገኝም" አሉኝ፤ ለሕፃን እንደሚያስረዱ ሁሉ። "ቁጭ ብሎ ከጠበቀ ልጁ ያረጀችበት ይመስላል። ስለዚህ ትናንት ወጥቼ ላሊበላ እህቴ ዘንድ አደርኩ። መጥፋት ካልቀረ ማርያም ዘንድ መጥፋት ይሻላል፤ የት ነበርክ ሲሉኝ አልዋሽም።"

እንግዲህ ነገሩን ልብ በሉ። ጎማው ባይተነፍስ፣ ደመቀም ስለቱን በጊዜው ቢያደርስ ኖሮ፣ ቸኩለን የምንደርሰው አባት የሌለበት ቤት ነበር። ቄስ ሞገስ ይህን ሲሰሙ ምን እንደሚሉ አውቀዋለሁ። እኔ ግን ነገሩ ተአምር አይመስለኝም፤ ላስታ ውስጥ ከቤት ጠፍቶ መከበሪያ ቦታ ብዙ ስለሌለ ነው። ይህን አስተያየት ያኔ ጮክ ብዬ አልተናገርኩም። የማርያም ደጃፍ ላይ ነበርን፤ መውረጃውም ገደል ነው።

ቄስ ሞገስ ሲወጡ አቶ ካሳው ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ። "ካሳው ነኝ አባቴ፣ ከኮን" አሉ። የቄሱ መስቀል ከግንባራቸው ላይ ሳይነሣ ቀረ። እንደ ምንም ነቅተው ዓይናቸውን ጨፈኑና፣ "ልጃችን ማለት እንግዲህ አንበሳ…" ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አቶ ካሳው እጃቸውን አነሡ።

"እዚህ አልተያየንም አባቴ። ልጅ የሚጠየቀው አባቷ ደጃፍ ላይ ነው።"

ወደ ኮን የሚሄድ መኪና በዚያ ሰዓት አልነበረም። ስለዚህ ያልተያየነው ሰው አብረውን ወረዱ፣ አብረውንም ተሳፈሩ። አያ ሰይድ ታች ሆነው ማንነታቸውን ሲሰሙ በደስታ ዱላቸውን ጣሉ። የእህል ነጋዴ ናቸውና ወዲያው ሒሳብ ውስጥ ገቡ።

"እንግዲህ መጀመሪያ ስንመጣ ቤት አጣንዎት። እሱ ተቆጠረ።"

"ቤቴ መች መጣችሁ?" አሉ አቶ ካሳው።

"እርስዎስ መች ቤትዎ ነበሩ?"

አቶ ካሳው አሰቡና፣ "ይቆጠር" አሉ።

ከኋላ በእኔና በአያ ሰይድ መሀል ተቀመጡ። ጉልበታቸው ጉልበቴን ይነካል። ስለ ውርጭ አወሩ። ስለ ዘንድሮ ገብስ አወሩ። ስለ ዶሮ ትንፍሽ አላሉም። ቄስ ሞገስ ከፊት ሆነው ከንፈራቸውን ሲያንቀሳቅሱ ይታየኛል፤ አንበሳውን እያጠኑ ነው። "ይተዉት፣ አንበሳው ሞቷል" ብዬ እንዳልነግራቸው ሰውየው መሀላችን ናቸው። ጋሸና ልንደርስ ስንል ቢንያም ደወለ።

"አጎቴ፣ አባቷን አገኛችኋቸው?"

"አግኝተናል።"

"ምን አሉ?"

"አሁን ስለ ገብስ እያወሩ ነው።"

"ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ?" አለኝ። በሕይወቱ የጠየቀኝ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነበር። ኔትወርኩ ተቋረጠልኝ።

ኮን መግቢያ ላይ አቶ ካሳው አስቆሙንና ወረዱ። እቤት ገብተው አረፍ እስኪሉ፣ ሽማግሌ መምጣቱንም ሰምተው እስኪገረሙ ድረስ መንገድ ዳር ጠበቅን። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስታጋድል ሄደን ደጃፋቸው ላይ በተርታ ቆምን። ደንቡን ለማታውቁት፣ ሽማግሌ ግባ ተብሎ ቢገባም አይቀመጥም። የልጅቷ አባት "ተቀመጡ" እስኪል ቆሞ ይናገራል፣ ቆሞ ይሰማል፤ ካልተባለ ቆሞ እንደመጣ ቆሞ ይመለሳል። "ተቀመጡ" ማለት "ሰጥቻለሁ" ማለት ነው።

ግቡ ተብለን ስንገባ አቶ ካሳው መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ድንጋይ ነው። "ደህና መጣችሁ፣ ከወዴት ናችሁ?" አሉን። በዚያ ሰዓት እውነትም ተያይተን የምናውቅ አልመሰለኝም።

ቄስ ሞገስ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። የልጁን ዘር ቆጠሩ፣ ጨዋነቱን ቆጠሩ፣ "አንበሳ ነው" ብለው ጨረሱ።

"አንበሳ ነው?" አሉ አቶ ካሳው።

"አንበሳ ነው።"

"እኒያ ከኋላ ያሉት ሽበታም ዝም አሉ። እርስዎስ ምን ይላሉ?"

ሁሉም ዞሮ አየኝ። አዎ አንበሳ ነው ብል፣ ማርያም ደጅ ላይ ቆሎውን የሰጡኝን ሰው ፊት ለፊት መዋሸቴ ነው። አይደለም ብል፣ ለሳምንት እህል ያልቀመሰውን ልጅ በገዛ እጄ ማረዴ ነው። እሑድ ደግሞ ባለ ፎቁ ይመጣል።

"ልጁ ሰላማዊ ነው" አልኩ። "የሰው ደም ማየት የማይወድ ልጅ ነው።"

"የሰው ብቻ?"

"የከብትም።"

"የዶሮስ?"

አያ ሰይድ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። ግን አሁን ማፈግፈጊያ የለም። "የዶሮም" አልኩ። "ዶሮ ማረድ አይችልም። ሞክሮ ያውቃል፤ ዶሮዋ ተነሥታ ሄደች፣ እሱ ወድቆ ቀረ።"

ቄስ ሞገስ ዓይናቸውን ገለጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ንግግር መሀል ሲገልጡ ያየኋቸው። አያ ሰይድ ቀስ ብለው፣ "ጨረስከን" አሉኝ። አቶ ካሳው ወለሉን ያያሉ።

ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። ቀጥሎ የቤቱ እመቤት መጋረጃውን ገልጠው እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ወጡ። ደንቡ በዚያ ሰዓት እንዳይታዩ ያዛል፤ እሳቸው ግን ከደንቡ ጋር የተጣሉ ይመስሉ ነበር።

"ካሳው ሆይ፣ እግዜር አየዎት" አሉ። ወደ እኛ ዞሩ። "እናንተ፣ እኒህ ሰው ከተጋባን ጀምሮ አንድ ዶሮ አርደው የሚያውቁ መስሏችሁ ነው? የፋሲካ ለት በሬ ጠፋብኝ ብለው ይወጣሉ። የገና ለት ላም ጠፋችብኝ ብለው ይወጣሉ። ከብቱ በረት ነው፤ የሚጠፉት እሳቸው ናቸው። የዚህ ሰፈር ወንድ በሙሉ ደጄ ላይ ሲያርድልኝ ነው ልጆቼ ወጥ የበሉት። ሕይወትስ ለምን ነርስ የሆነች ይመስላችኋል? ከልጅነቷ ጀምሮ ዶሮዋን ጠፍንጋ የምትይዝልኝ እሷ ነበረች።"

አቶ ካሳው ጣራውን ማየት ጀመሩ። ጆሯቸው ጫፉ ድረስ ቀልቷል። "ሽማግሌ ፊት…" አሉ፤ አልጨረሱትም።

"እኔማ አንዱን ችዬዋለሁ" አሉ ባለቤታቸው። "ሁለተኛውን ደግሞ ልጄ ትችለዋለች። ጎረቤት እንደሆነ ሞልቷል።"

የሰውየው የድንጋይ ፊት ከአፍ ጥግ ጀምሮ እየተሰነጠቀ መጣ። በመጨረሻ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ሁለቱን ሽማግሌዎች ትተው ለእኔ ብቻ ተናገሩ።

"ያን ልጅ ለፋሲካ በጊዜ እንዲመጣ ንገሩት። ብቻዬን መጥፋት ሰልችቶኛል፤ አብረን እንጠፋለን። በሉ አሁን ተቀ…"

አያ ሰይድ ቃሉ ሳያልቅ ተቀምጠው ነበር።